«ናይስ» ያስተረተረው እጅጌ

እቱ ጎረቤቴ፣ እንዴት ከረምሽልኝ? ይቺ የምጽፍባት ፖስታ ካርድ መዳፍ አታክልም፣ የእኔን ወሬ ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ስለዚህ አንዱን ብቻ ልንገርሽ።

እዚህ ባሕር ማዶ፣ ፈረንጇ የልጄ አማት ልብስ ሰፊ ናቸው። ለመምጣቴ ደስታ ብለው ቀሚስ ሰፉልኝና መስታወት ፊት አቆሙኝ። እኔም ያለችኝን አንዲት እንግሊዝኛ አውጥቼ «ናይስ» አልኳቸው። ፈገግ አሉና እጅጌውን ተረተሩት። በማግስቱ ደግመው አለበሱኝ፤ «ናይስ» አልኩ፤ ደግመው ተረተሩት። የእኛ ሰፈሩ ልብስ ሰፊ ቢሆን «ሲታጠብ ይስተካከላል» ብሎ ይሸኘን ነበር።

ልጄ ስትሰማ በሳቅ ሞተች። «እማ፣ አልወደደችውም ብለው እኮ ተጨንቀዋል። ናይስ እዚህ ለሻዩም ለአየሩም ይባላል። ላቭሊ በያቸው፣ ቢዩቲፉል፣ ዋንደርፉል።»

በሦስተኛው ልኬት ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ አዘነብኩባቸው። ልጄ እንዳስጠናችኝ ገባቸው መሰለኝ፣ መቀሱን አነሱ። እኔም እንግሊዝኛውን እርግፍ አድርጌ ትቼ፣ መቀሱን ቀማኋቸውና እጃቸውን ስሜ «እጅዎ ይባረክ» አልኩ። ቀሚሱን እንደለበስኩም ገበያ ወጣሁ። ስመለስ መርፌና ክሩን ሰብስበው ያንጎራጉራሉ።

ዛሬ ብርጭቆ ሳጥብ ከኋላዬ መጥተው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «እጅዎ ይባረክ»፤ ያውም በዚያ በሚኮላተፍ አፋቸው።

ቦታው አለቀብኝ። ባልሽንም ልጆቹንም ጥብቅ አድርገሽ ሳሚልኝ። ቀሚሱን ለብሼ ስመጣ ግን አደራሽን፣ «ደህና ነው» ብለሽ እንዳታልፊው፤ እጅጌው ከእንግዲህ አይችልም።