ለአርሰናሉ አሰልጣኝ የሰጠኸው ጊዜ

ክንዱ፣

ማክሰኝት እናቴ ዘንድ ሄጃለሁ፤ እስከ እሁድ አልመጣም። ውኃ ዛሬ ከመጣ ጀሪካኖቹን ሙላ። ስትወጣ ቁልፉን እትዬ አባይነሽ ጋ ተውልኝ።

ፊሽካውና ማሊያዎቹ አልጋዬ ሥር ናቸው። ለአዲሱ አሰልጣኝ አንተው ስጠው።
ኮሚቴው አንተ አይደለህ?

ከሰፈራችን ቡድን አሰልጣኝነት እንድነሳ እጃቸውን ካወጡት አንዱ አንተ መሆንህን ትናንት ከጓደኛችን ከፋሲካ ሰማሁ። ምነው ክንዱ? ለአርሰናሉ አሰልጣኝ «ጊዜ ይሰጠው፣ ልጆቹ ገና ናቸው» እያልክ ስንት ዓመት ሙሉ ስትሟገት ኖረህ፣ ለኔ ሲሆን አራት ጨዋታ በዛብህ?

እውነቱን ለመናገር እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብዬ የማንችስተርን አሰልጣኞች ስንቴ አባርሬአለሁ። «ይውጣልን!» እያልኩ ስጮህ፣ ሰውየው ያን ዕለት ቤቱ ሲገባ ማን በር እንደሚከፍትለት አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

እኔ መባረሬን በስልክ ነግረውኝ ቤት ስገባ በር የከፈትክልኝ አንተ ነህ።
«ምነው፣ ምን ሆንክ?» ብለህ ጠየቅኸኝ።

ሙሉሰው