አለቃውን ካላየ የማይነሳው ኮምፒውተር

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን የአስተዳደር ኃላፊ፤
ባሉበት፣ በማስታወቂያ ሰሌዳው በኩል

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ለጤናዎ፣ ለወገብዎ፣ በተለይም ለቀኝ እግርዎ አውራ ጣት ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ስለ አውራ ጣትዎ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ እኔ ከቢሮዎ በኮምፔርሳቶ ግድግዳ ብቻ የምለይ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ ግን «ኮምፒውተሬ አልነሳ አለኝ እያለች ሥራ የምትበድል» ተብዬ ምድር ቤት ወዳለው የአሮጌ ዕቃ ማከማቻ እንድወርድ ወስነውብኛል። ውሳኔውን ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት በራስዎ አንደበት ስላነበቡልኝ አመሰግናለሁ። ብቻዬን ብሰማው ኖሮ ብቻዬን አለቅስ ነበር፤ እርስዎ ግን ተመልካች አላሳጡኝም። ከመውረዴ በፊት የሚከተሉትን ምስጋናዎች እንዲቀበሉኝ እለምናለሁ።

1ኛ. «በኃላፊ ፊት ያልታየ ብልሽት፣ ብልሽት አይባልም» ስለሚለው ድንቅ መመሪያዎ። በዚሁ መሠረት ባመለከትኩ ቁጥር ጥገና ባለሙያውን ይዘው ከአጠገቤ ቆመዋል። ባለሙያው ለማንኛውም በሽታ ራም የሚሉትን የማስታወሻ ካርድ ነቅሎ በላጲስ ስለሚፈትግ እኛ «ላጲሱ» የምንለው ነው። ጠዋት ሙሉ ድምፁን አጥፍቶ የዋለው ኮምፒውተር እናንተ ስትመጡ ገና ሳይነካ ብድግ ይላል። ወርክሾፕ ተሸክሞ ሲወስደውም ያለ እንከን ይሠራል። በመጨረሻ ላጲሱ ላጲሱን ኪሱ ከትቶ፣ ዕቃው ጤነኛ መሆኑንና መታየት ያለባት እኔ መሆኔን ነግሮዎት ሄደ።

2ኛ. ስለ ጥልቅ ምርመራዎ። በዚያ ስብሰባ ላይ «እኔ ስኖር ይሠራል፣ እኔ ስወጣ አይሠራም። የለገመው ማሽኑ ነው ወይስ ሴትዮዋ?» ብለው ነበር። እውነቴን ነው፣ ከእርስዎ በቀር ወደ በሽታው ሥር እንዲህ የተጠጋ አልነበረም።

3ኛ. በእርስዎ ምክንያት ስላገኘሁት ምክር። ማኅተም ያዣችን፣ እኛ እትዬ ማኅተም የምንላቸው፣ በመጀመሪያ ጎኑን በጥፊ እንድለው፣ ያ ሳይሠራ ሲቀር ደግሞ በጨዋ ደንብ ሰላም እንድለው መከሩኝ። በየጠዋቱ ደህና አደርክ እለው ጀመር። ዝም ሲለኝ ያኮረፍኩት ኩርፊያ በሰው ላይ ቢሆን ሽማግሌ ያስልክ ነበር።

ትናንት ዕቃዬን ስሸክፍ እትዬ ማኅተም አግዘውኝ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ አደረግነው። ለካስ የኮምፒውተሬ ገመድ የሚሰካው እኔ ክፍል ውስጥ አይደለም። ቀድሞ አንድ የነበረው ክፍላችን በትእዛዝዎ በኮምፔርሳቶ ሲከፈል ሶኬቱ ወደ እርስዎ በኩል ቀርቶ፣ ገመዴ በቀዳዳ ሾልኮ እርስዎ ጠረጴዛ ሥር ካለው ዲቫይደር ላይ ተሰክቷል። ይህን ልነግርዎ በርዎን አንኳኩቼ ስገባ ለስብሰባ እየወጡ ነበር። «መብራት አናባክን» ከሚለው የራስዎ ጽሑፍ ሥር ቆመው፣ ጠዋት ሲገቡ እንደሚያበሩት ሁሉ፣ ርቀው ሲሄዱ እንደ ልማድዎ፣ በቀኝ እግርዎ አውራ ጣት የዲቫይደሩን ቀይ ቁልፍ ተጭነው አጠፉት።

ከግድግዳው ማዶ እትዬ ማኅተም «ውይ፣ ሞተ!» ሲሉ ተሰማ።

እርስዎም በድንጋጤ ማን እንደሞተ ጠየቁኝ። ኮምፒውተሬ መሆኑን፣ ገዳዩም ማን እንደሆነ በአክብሮት ባስረዳዎት፣ ስብሰባ እንደረፈደብዎትና ሰኞ ከመውረድ እንዳልቀር አሳስበውኝ ወጡ። አበው ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ያሉት ወደው አይደለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉትም እንዲሁ፤ ዳውላዋ እኔ ነኝ፣ ሌላውን ለመጥራት ግን አስተዳደጌ አይፈቅድልኝም።

ስለዚህ የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ዝውውሬ መሰረዙን ከሰኞ በፊት፣ እዚያው ስብሰባ አዳራሽ፣ በዚያው ጎላ ባለ ድምፅ ያንብቡልኝ። ለግሜ አላውቅም። ይህን ሰው ሁሉ እንዲሰማልኝ እፈልጋለሁ።

ሲገቡ የምበራ፣ ሲወጡ የምጠፋ፣
በአውራ ጣትዎ ሥር የማድር ታዛዥዎ፣
የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን አትሜ ካወጣሁ በኋላ አንድ የይቅርታ ቃል ልጨምርበት ወደ ኮምፒውተሩ ብመለስ ጠፍቶ አገኘሁት። ይህችን በእስክሪብቶ የጻፍኳት ለዚህ ነው። ምሳ ወጥተዋል ማለት ነው፤ መልካም ምግብ ይሁንልዎ። ይቅርታው ቀርቷል።