ስድሳ ዲግሪ ላይ ስለተፈተነው ጆግ

ለተከበሩ የምርት ጥራት ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት፣ ቆዳችሁም ሳይነካ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የፈላ ውኃ መቅጃ የፕላስቲክ ጆግ በሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት በማደባለቂያ ማሽን ላይ የሠራሁ ስሆን፣ የምጽፈው መሥሪያ ቤትዎን በአደባባይ ለማመስገን ነው።

አንደኛ፣ ስለ ትዕግሥትዎ። ተራ ፕላስቲክ የፈላ ውኃ ሲነካው ስለሚልፈሰፈስ፣ ሙቀት የሚችል ሌላ ፕላስቲክ አቅልጠን እንቀይጥበት ነበር። ሁለቱ በባሕርያቸው ስለማይዋደዱም የሚያያይዛቸው ሦስተኛ ነገር ይጨመራል፤ እኛ ሠራተኞቹ «ሽማግሌው» እንለዋለን። እሱ ከሌለ ቅይጡ ላዩ ያምራል እንጂ ውስጡ እንደተኳረፈ ይቀራል። ባለፈው ዓመት ሥራ አስኪያጃችን ወጪ ለመቀነስ ሽማግሌው ይቅር፣ ሙቀት ቻዩም በግማሽ ይቀነስ ሲል፣ ይህ ጆግ የፈላ ውኃ አይችልም ብዬ ጻፍኩልዎ። የመሥሪያ ቤትዎ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ እጄ ላይ አለ፤ ማኅተሙ እጅግ ጥርት ያለ ነው፤ መልሱ ብቻ አልደረሰኝም። ከዚያ ወደ ማሽኔ ተመለስኩ፤ መቀየጤንም አላቆምኩም።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ። ጆጉ በስድሳ ዲግሪ ተፈትኖ ማለፉን የምስክር ወረቀትዎ ይናገራል። ጥፋቱ የውኃው ነው፤ መቶ ካልደረሰ አልፈላም ይላል።

ሦስተኛ፣ ስለ ታላቅ እህቴ። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ሥራዋም አዋላጅነት ነበር። አንድ ጠዋት በማዋለጃው ክፍል የፈላ ውኃ ጆጉ ውስጥ ገልብጣ ስታነሣው፣ እጀታው ተለመጠና ውኃው ከደረቷ እስከ ጉልበቷ ወረደ። አልጋው ላይ ያለችው ምጥ የያዛት ሴት እንዳትደነግጥ ብላ፣ ድምፅ ሳታሰማ ግድግዳ ይዛ መቆሟን የሥራ ባልደረቦቿ ነገሩኝ። ሕፃኑ በሰላም ተወለደ።

በሦስተኛው ቀን ጆጉን አምጣልኝ አለችኝ። ሥሩ ላይ ያለውን የፋብሪካችንን ምልክት ብዙ አየችው።

«ይሄ የእናንተ ነው አይደል?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

«አንተ ነህ የቀየጥከው?»

ጆጉን ከእጇ ተቀብዬ አልጋው ሥር አስቀመጥኩት። ዳግመኛ አልጠየቀችኝም። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን አረፈች።

ሥራውን ለቅቄአለሁ። ሆኖም ጎረቤት ቤት ውኃ በተንተከተከ ቁጥር ያው ድምፅ፣ ያችው ጥያቄ ትመጣለች። አንዳንዴ «አዎ» ብዬ ጮክ ብዬ እመልሳለሁ፤ ውኃው ግን መንተክተኩን አይተውም። እርስዎ ፈረሙ፣ እኔ ቀየጥኩ፤ እስካሁን የምትጠይቀው እኔን ብቻ ነው።

አራተኛ፣ ስለ ማጽናኛ ደብዳቤዎ። «ተጠቃሚዋ ውኃው እስኪበርድ መጠበቅ ነበረባት» ብለውናል። ምጥም እንዲሁ እንዲጠብቅ በቅርቡ መመሪያ እንደሚያወጡ አልጠራጠርም። እስከዚያው ግን ጆጉ ዛሬም በየሱቁ ተደርድሯልና፣ ጊዜ ካገኙ የምስክር ወረቀቱን ይሰርዙልን።

ብዕርዎ አይንጠፍ፣ ወንበርዎ አይነቃነቅ እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎት፣

የአዋላጇ ታናሽ ወንድም፣ የጆጉ ቀያጭ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ላስገባ ቢሮዎ ስመጣ፣ ጸሐፊዎ ለሻይዎ የፈላ ውኃ በብረት ጆግ ስትቀዳ አየሁ። መቼ እንደተገዛ ብጠይቃት፣ የምስክር ወረቀቱን በፈረሙበት ሳምንት እርስዎ ራስዎ ገዝተው እንዳመጡት ነገረችኝ።