«ልጄ ትጨርሰዋለች»

እንደምን ከረምክ፣ አንተ ነገረኛ! ሊቃውንት አያለሁ ብዬ መጥቼ እልኸኛ አየሁልህ። የምንጎበኘው የሳተላይት መሥሪያ ቤት ሳተላይቶቹ ኮምፒውተር ተሸክመው ዝቅ ብለው ስለሚበሩ፣ አንዷ ከራስ በላይ የምትቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። የጀመረችውን ስሌት ለተከታይዋ አስረክባ ማለፍ አለባት። ታዲያ እያንዳንዷ የራሷ ኃላፊ አላት፤ የሚመሰገነውም ስሌቱን የጨረሰው ብቻ ነው!

ዛሬ ስንጎበኝ አንድ የመርከብ ካፒቴን ከባሕር ላይ በሬዲዮ የማዕበል ትንበያ ጠየቀ። ስሌቱ ሳያልቅ ሳተላይቷ ልትጠልቅ ሆነ። የተከታይዋ ኃላፊ «ወዲህ በለው እንጂ!» ሲል፣ የጀመረችው ሳተላይት ኃላፊ ከረባቱን እያስተካከለ «ልጄ ጀምራዋለች፣ ልጄ ትጨርሰዋለች» አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም! ሳተላይቷ ስሌቱን ይዛ ጠለቀች። ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያው «ኧረ የሰው ያለህ! ልቀጥል ወይስ ልመለስ?» እያለ ቢጮህ ማን ይስማው። በመጨረሻ ደመናውን በገዛ ዓይኑ አይቶ ወደ ወደቡ ተመለሰ። ሳተላይቷ ዓለምን ዞራ መልሱን ስታመጣ ታዲያ አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ!

የእናትህን ቁምሳጥን አራተኛ ፎቅ ያወጣንበት ቀን ትዝ አለኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ደረጃ ለደረጃ ተቀባበለው። እነዚህ ቢሆኑ እስከ ዛሬ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ተገትሮ ነበር።

ቦታ አለቀብኝ። እማማን ጉንጫቸውን ሳምልኝ፣ ባለቤትህንም ሰላም በልልኝ። ካርዱ ላይ ያለችው ሳተላይት ያችው ጉደኛ ናት፤ ኃላፊው ነው ያደለን። አትስጋ፣ ይደርስሃል፤ የሚያመጡት ፖስተኞች ናቸው፣ እነሱ መቀባበል ያውቃሉ።