ከባቡሩ ያልወረዱት ጋሽ ጉተማ

ልጄ አቻምየለሽ፣ የጅቡቲ ፀሐይ አይበርታብሽ፣ ሰው ፊት አይንሳሽ። እኛ ደህና ነን፤ ላሟም ወልዳለች።

አቃቂ ባቡር ጣቢያ ፊልም አንሺዎች መጥተው አባትሽን ጨካኝ ሹም ሆኖ እንዲጫወት መረጡት። ሥራው መንገደኛውን «የዚህ አገር ሰው አይደለህም» እያለ ከባቡር ማውረድ ነው። መንገደኛው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጎረቤታችን ጋሽ ጉተማ። እኔማ በስተርጅና ሊጣሉብኝ ነው ብዬ ጣቢያው ድረስ ተከተልኳቸው።

ጋሽ ጉተማ ዝም ብለው እንዲወርዱ ነበር የተነገራቸው። አባትሽ ሲጮህባቸው ግን ካሜራውን ረሱት። «ይሄ ጣቢያ የቆመው አባቴ ጤፍ ይዘራበት በነበረው መሬት ላይ ነው። ወዴት ነው የምወርደው?» አሉት። አባትሽም ሹምነቱን ረስቶ ባርኔጣውን አወለቀና ጎናቸው ቁጭ አለ። ፊልም አንሺዎቹ ያባርሯቸዋል ብዬ ስፈራ፣ አለቃቸው «እንደዚሁ ይቆይ» አለ። ተመስገን፣ ሁለቱም እየተሳሳቁ አብረው ወደ ቤት መጡ።

አደራሽን፣ እዚያ «አገርሽ የት ነው?» ሲሉሽ ድምፅሽን ዝቅ አታድርጊ። እመቤቴ ከፊትሽ ትቅደም። ፊልሙ እዚያ ከታየ ሄደሽ እዪልኝ፤ አባትሽ የሚያምረው ባርኔጣውን ካወለቀ በኋላ ነው።

እናትሽ ፈለቀች