በነብሩ ቋጥኝ ሥር

ማክሰኞ፣ ጥር 6፣ ጠዋት
ውሃ ልቀዳ ወርጄ ጀሪካኑን ባዶውን ይዤ ተመለስኩ። ምንጩ ዳር ጭቃው ላይ ዱካ አለ። እንደ መዳፌ ሰፊ፣ የጥፍር ምልክት የሌለው። ጎረቤቴ ኢድሪስ አይቶ ነብር ነው አለ፣ ሳይደነግጥ። እዚሁ ተወልዶ ያደገ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ ከመንደሩ በላይ ባለው ቋጥኝ ላይ ነብር መኖሩ አይገርመውም። እኔ ግን ከፓዌ ተመድቤ የመጣሁ መምህርት ነኝ። ቀኑን ሙሉ ወደ ድንጋዩ ስመለከት ዋልኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 8
የኢድሪስ ውሻ የለም። ደጃፉ ላይ ደም፣ ከዚያ ወደ ቋጥኙ የተጎተተ ነገር ምልክት። ሚስቱ ሃዋ ፍየሎቹን ቤት አስገባች። ከማዶ መንደር ወደ ት/ቤት የሚመጡት ልጆች የሚያልፉት በዚያው ቋጥኝ ሥር ነው። ደብተሬ፣ ይህን ላንተ ብቻ ነው የምለው፦ እነሱን እስካይ ድረስ ጠዋት ጠዋት ከት/ቤቱ በር አልንቀሳቀስም።

ቅዳሜ፣ ጥር 10
ሙላት የሚባል ገበሬ ከጓደኞቹ ጋር የሽቦ ወጥመድ አጥምዶ ነበር። ኢድሪስ ተዉ ቢልም አልሰሙትም። ዛሬ ሽቦው ተበጥሶ ተገኘ። ደምና ጥቂት ጸጉር ብቻ። ኢድሪስ ወደ እኔ ዞረ።
«መምህርት፣ ነብሩ በፊት ሰው ሲያይ ይሸሽ ነበር። አሁን ቆስሏል። ወላሂ፣ አይሸሽም።»

እሑድ፣ ጠዋት
ሙላት ደሙን ተከትሎ ወጣ። ጓደኞቹ በቀርከሃ ቃሬዛ አወረዱት። ትከሻውን ነብሩ ቦጫጭቆታል። ይተነፍሳል፣ አይናገርም። ቁስሉን በነጠላዬ አሰርኩለት፣ ወደ ባምባሲ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ለር/መምህሩ ደወልኩ። ት/ቤት በወሬ አይዘጋም አለኝ። ወሬ! ደሙ ቀሚሴ ላይ ገና አልደረቀም።

እሑድ፣ ከሰዓት
ነገ ትምህርት የለም። የራሴ ውሳኔ ነው፤ የመጣው ይምጣ። የዚህን ሰፈር ወላጆች ቤት ለቤት ዞሬ ነገርኩ። ማዶ ግን ስልክ አይሠራም። ካልነገርናቸው ልጆቹ ጎህ ሲቀድ መንገድ ይጀምራሉ። ሌላ መንገድ ደግሞ የለም።
ኢድሪስ ብቻሽን አትሄጂም አለ። ሃዋ ጦሩን ራሷ አውጥታ ሰጠችው፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሱ ከፊት፣ እኔ ነብሩን ለማራቅ ጣሳ እየደበደብኩ ከኋላ እንሄዳለን። ፀሐይ ሳትጠልቅ ማዶ መድረስ አለብን። ፈርቻለሁ።
ኢድሪስ ይጠራኛል። ቋጥኙ ላይ ያሉት ዝንጀሮዎች ነብር እንዳየ መንጋ ሁሉም በአንዴ መጮህ ጀመሩ። እሄዳለሁ