የቀንድ አውጣዋ ጣሪያ

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ነህ? ባለቤትህስ? ያቺ በስልክ ብቻ «አክስቴ» እያለች የምታቀልጠኝ ልጅህስ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልሆንንም ብዬ ልጀምር ነበር። ግን እንደዛ ብዬ ከጀመርኩ አንተ ቀሪውን ሳታነብ አጣጥፈህ ኪስህ እንደምትከተው አውቃለሁ። የዛሬውን ግን ተቀምጠህ አንብብልኝ። ሻይህንም መጀመሪያ ጠጣው፣ ይቀዘቅዝብሃል።

ያለፈው ደብዳቤህ ደርሶናል። አባዬ መነጽሬ ጠፋ ስላለ ያነበብኩለት እኔ ነኝ። «ዘንድሮ አልተመቸኝም፣ የከርሞ ሰው ይበለን» ያልከው ጋ ስደርስ ድገሚው አለኝ። ቀጥዬ «ቀንድ አውጣዋ በስብሳ ሳታልቅ ሽጧት» ያልከውን ሳነብለት ግን ሳቀብህ። ስሙን ያወጣው እሱ ራሱ፣ ሽጧት የሚለውም እሱ ራሱ፣ አለ። እውነቱን ነው። አልጋዋንና ምድጃዋን ጀርባዋ ላይ ተሸክማ ዳገቱን ስታዘግም አይተህ «ይቺ መኪና ሳትሆን ቀንድ አውጣ ናት» ያልከው አንተ ነህ። ይኸው እስከ ዛሬ ሌላ ስም የላትም።

ታስታውሳለህ ግን? አባዬ ሳምንቱን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ይከርምና የእረፍት ቀኑ ሲደርስ ደግሞ እኛን ጭኖ መንገድ ይወጣል። እማዬ ነፍሷን ይማርና፣ ይሄ ሰው መሪ ካልጨበጠ እጁን ያሳክከዋል ትል ነበር። ላይኛው አልጋ ላይ፣ ከጣሪያው መስኮት ስር ማን ይተኛል ብለን ስንጣላ አንተ ታላቅ ነኝ ብለህ ትወስደዋለህ። ዝናቡ መጥቶ ግንባርህ ላይ ጠብ ሲልብህ ግን «ነይ በቃ፣ አሳዘንሽኝ፣ አንቺ ተኚበት» ትለኛለህ። አይ አንተ ብልጥ! እኔ ሞኟ ደግሞ ደስ ብሎኝ እወጣለሁ። እማዬ ድስት ትደቅንበታለች፣ ድስቱ ቂው ቂው ሲል አባዬ ከታች ሆኖ «ሙዚቃው ተጀመረ» ይላል፣ አራታችንም እንቅልፍ አጥተን ስንስቅ እናነጋለን። እንደዛ ያለ ሳቅ ከዛ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም።

ሲነጋ አባዬ የውሃ ጎማ ይዞ ጣሪያ ላይ ይወጣል። አንተ ውስጥ ሆነህ ኮርኒሱን እያየህ «ደረቅ!» ወይም «መጣ!» ትላለህ። ውሃ ሌባ ነው፣ በገባበት በር አይወጣም ይለን ነበር። ለዚህ ነው ጎማውን ከላይ የማይጀምረው። ከላይ ከጀመርክ ውሃው ወርዶ ሁሉንም ያረጥበውና የቱ ጋ እንደገባ አይለይም። ከመስኮቱ ታችኛው ጠርዝ ተነስቶ፣ እያንዳንዱን ጎን በደንብ እያጠጣ፣ ቀስ እያለ ነው ወደ ላይ የሚሄደው። እማዬ «ምሳ ቀዘቀዘ!» ብትል ማን ሰምቷት።

እንግዲህ ደብዳቤህን ባነበብኩለት ማግስት፣ እጁን እያፍተለተለ መጣና ጣሪያዋን እንሥራት አለኝ። ከርሞም ይሁን መቼ ልጅቷ ስትመጣ እዛ መስኮት ስር ነው የምትተኛው፣ የልጅ ልጄ ግንባር ላይ ጠብ አይልም አለ። ፎቶዋን ከላክህለት ጀምሮ እኮ ሌላ ወሬ የለውም። በር ላይ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ ላይ ይይዛታል፣ ወዲያ ወዲህ ያዘነብላታል፣ ከዛ «ማንን ትመስላለች?» ብሎ እኔን ይጠይቀኛል። አንተን ትመስላለች እለዋለሁ። አፍንጫዋስ ይለኛል። አይ፣ እሱስ የእማዬ ነው እለዋለሁ። በማግስቱም ያንኑ ይጠይቀኛል።

ጣሪያ ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ፣ እሱን አላስወጣውም። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ አይታኝ «በዚህ ዕድሜሽ ሰገነት ላይ! ባል ከዚያ ይታያል እንዴ?» አለችኝ። ከታየኝ ለአንቺም እጠራልሻለሁ አልኳትና ሥራዬን ቀጠልኩ። አምና በመስኮቱ ዙሪያ በድፍረት የለጠፍኩትን ሲሊኮን በካቻቢቴ ጫፍ ፍቄ አነሳሁ። ተልጦ እንደ ቆዳ ነው የወጣው፣ በአሮጌው ላይ አዲስ ደርቤበት ኖሯል። ከዛ ጎማውን ከፍቼ እሱ እንዳስተማረን ከታችኛው ጠርዝ ጀመርኩ።

አባዬ ከውስጥ «ደረቅ!» አለ። ጎኑን አጠጣሁ። «ደረቅ!» አለ። ድምፁ ያው የአውቶቡሱ ድምፅ ነው፣ ተሳፋሪ የሚያስነሳው። ሌላውንም ጎን፣ ላይኛውንም አጠጣሁት፣ ሁሉም ደረቅ። ጉድ በል፣ ቀንድ አውጣዋ ራሷን በራሷ አዳነች ብዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ላቅፈው እየሮጥኩ ወረድኩ።

ፍራሹ ርሷል። ከኮርኒሱ ማዕዘን ውሃው እንደ ክር ይወርዳል፣ ያውም ከአባዬ ፊት ለፊት፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት። እሱ ወደዛው አንጋጦ ፈገግ እንዳለ ነው። ምነው ወረድሽ፣ ደረቅ ነው አላልኩሽም አለኝ።

ወንድም ጋሼ፣ ይሄ ሰው እኮ በጭጋግ ውስጥ ጉድጓድ ለይቶ፣ የተኛ ተሳፋሪ ሳይቀሰቅስ የሚያልፍ ሰው ነበር። እጁን ያዝኩና ውሃው ስር አደረግኩለት። ከዛ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ለወንድምሽ ይሄን እንዳትጽፊለት አለኝ። እሺ አልኩት። ቃሌን ጠብቄያለሁ፣ እኔ የጻፍኩልህ ስለ ጣሪያ ነው።

ሥራውን ግን አልተወውም። አልጋው ላይ ቆሞ በጣቶቹ ኮርኒሱን እየዳሰሰ ከማዕዘኑ ወደ ኋላ ሄደ። እዚህ ጋ እንጨቱ ለስልሷል፣ እዚህም ለስልሷል፣ እዚህ ጋ ግን ጠንካራ ነው፣ ያ ሌባ የገባው በዚህ ነው አለ። ጣሪያው ላይ ወጥቼ ባየው እውነትም የመስኮቱ ትይዩ ማዕዘን ላይ ያለው ብሎን ዝጎ፣ ስሩ ያለው ማሸጊያ ጎማ ደርቆ ተሰንጥቋል። ውሃው በዛ ይገባና በጣሪያው እንጨት ላይ ተንሸራቶ ሌላ ቦታ ይንጠባጠባል። እኛ ለስንት ዘመን የሚንጠባጠብበትን ስንለጥፍ ኖርን!

የመስኮቱን ፍሬም ፈትቼ አነሳሁ፣ ፍቄ በአልኮል አጸዳሁ፣ አዲስ ጎማ ዙሪያውን አስገባሁ። ብሎኖቹን ሳስር አባዬ ከስር ሆኖ ጮኸብኝ። አንዱን ካሰርሽ ጎረቤቱን ሳይሆን ትይዩውን፣ ልክ የመኪና ቸርኬ እንደሚታሰረው፣ አለዚያ አንድ ወገን ይነሳል አለ። እንዳለው አደረግኩ። ዳግመኛ ስናጠጣው መዳፉን ኮርኒሱ ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ «ደረቅ!» አለ። ወርጄ እኔም ዳሰስኩት። ደረቅ ነበር። ተመልሼ ጣሪያው ላይ ወጣሁና፣ ልብስ ሰፊዋ እንዳታየኝ ዞሬ አለቀስኩ።

ማታ የመኪናዋን ቁልፍ አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። አልጠየቅኩትም። አንተን እንኳ አንድ ቀን አላስነዳህም ነበር፣ አይደል? አንቺ ጋ ይቀመጥ አለና ሻይ ቀዳ፣ ጣቱን ብርጭቆው አፍ ላይ አድርጎ። ለስንት ጊዜ እንደዛ ሲቀዳ ሳየው፣ ምን ያለ ነውር ነው እያልኩ ስቆጣው ነበር። ሐኪም ቤት ወስጄዋለሁ። የሐኪሙን ስትመጣ እነግርሃለሁ።

አባዬ፣ ደህና ነው ብለሽ ጻፊለት ብሎኛል። ይኸው ጽፌያለሁ። ልቡ ደህና፣ እግሩ ደህና፣ ምላሱማ አትጠይቀኝ። ከርሞ ብትመጣም እዚሁ በር ላይ ታገኘዋለህ። እኔ ግን ዘንድሮ ና እልሃለሁ። ሥራዬ ምናምን አትበለኝ፣ ሥራ የትም አይሄድም።

ትኬት ስትቆርጥ ቀን የሚደርሰውን ቁረጥ፣ በማታ እንዳትመጡብን። ቀትር ላይ፣ ፀሐይ ስትበረታ በር ላይ በሚቀመጥበት ሰዓት ድረሱለት። ልጅቷን ደማቅ ነገር አልብሳት፣ ቀይ ብታገኝ ደስ ይለኛል። እንደገባች ሮጣ አንገቱ ላይ እንዳትጠመጠም፣ መጀመሪያ ፊት ለፊቱ፣ ቀረብ ብላ ትቁምለት። እሱ ይበቃኛል እስኪል ድረስ።

ፈጣሪ መንገዳችሁን ያቅናልን፣ ትዳርህን ይባርክልህ፣ ልጅህን ያሳድግልህ። እስክትደርሱም ለአባዬ ፀሐዩን ያቆይለት።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ